ከሽንኩርቱ በፊት

የእኛ ወጥ ሲጀመር በሽንኩርት ነው፣ ሉሉ፤
ሌሎቹ ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ።
በርበሬው ከኋላ፣ ዘይቱም ከኋላ፣
ሥጋም ካለ ሥጋው፣ ውሃውም ከኋላ።
«ሽንኩርቱ ሳይበስል ምን ያጣድፍሻል?»
ትለኝ ነበር እናቴ፤ ትዕግሥት መች ይገኛል
በዘጠኝ ዓመት ልጅ።

ጀህራ ነው አሁን፤ ኤሲው ያንኮራፋል፣
ከመስኮቱ ማዶ አቧራው ቀይ ሆኗል።
ማቀዝቀዣው በር ላይ አንድ ወረቀት አለ፣
ዳሪ የለጠፈው፣
ኬራላዊው የእንስሳት ሐኪም ያዘዘው።
ፊደሉን በጣቴ ከቀኝ ወደ ግራ
እየተከተልኩኝ፣ እንደ ጉንዳን ተራ፣
ዘለቅሁት፦

ሽንኩርት አይሰጣት፣ ጥሬም የበሰለም።
ነጩም ቀዩም ያው ነው። ወይንም ዘቢብም የለም።
ቸኮሌት በጭራሽ።
ቴምር ቢሆን ትንሽ፤ ፍሬው ይውጣ ቀድሞ።
የበሰለ አጥንት የለም፤ የዶሮው ደግሞ
ይሰነጠቅና አንጀት ይበሳል።

ሳቄ መጣ።
አጥንት ለውሻ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው?

ከዚያ ሳቄ ቆመ።
ቡቺ ትዝ አለኝ፤ ግራ ጆሮው የተቀደደው፣
ደጃችን ላይ ተጠቅልሎ የሚተኛው።
በፋሲካ ማግስት የድስቱን ፍቅፋቂ፣
መረቅ የጠጣውን እንጀራ፣ የዶሮውን አጥንት
እኔ ነኝ የደፋሁለት፣
«ብላ፣ አንተም ፍሰክ» ብዬ።
በአራተኛው ቀን መነሣት አቃተው፤
ከንፈሩን ገልጬ ሳይ ድዱ እንደ ነጠላ ነጥቷል።
«ዓይን ነው» አለች ጎረቤት።
አባቴ፦ «ለጅብ ያኖሩትን መርዝ ቀምሶ ይሆናል።»
ያንን መርዝ ያኖረ ሰው፣ ማን እንደሆነ ሳላውቅ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ረገምኩት።
እነሆ በሰው አገር፣ በማቀዝቀዣ በር፣
በሰው ፊደል ተጽፎ አገኘሁት።
ላይሆንም ይችላል። ስንቱ ውሻ በልቶ ድኗል።
ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም።

ጁምዓ ዕለት እንግዳ መጣ፤ ሰፊው ትሪ ወረደ፣
መጅቡስ፣ ከላዩ ሽንኩርት ከዘቢብ ጋር የተጠበሰ።
ቀጭን የአደን ዘር ስለሆንሽ ነው እስከ በሩ የሚተዉሽ፤
ትንሹ በርጃስ፣ የማዳም ሙኒራ የልጅ ልጅ፣
እፍኙን ሞልቶ ወደ አንቺ ጎነበሰ።
«ላ!»
ድምፁ ከእኔ ነው የወጣው። በጌታ ልጅ ላይ።
እጅ ሁሉ ትሪው ላይ ቆመ፤
የኤሲው ማንኮራፋት ብቻ ተሰማ።
አንዲት ዘቢብ ከጣቱ አምልጣ ተንከባለለች፤
አንቺ ሳትቀድሚ በእግሬ ረገጥኳት።
ማዳም እኔን አየች፣ እግሬን አየች፣ የልጁን እጅ፤
«አማል ልክ ናት» አለችና ሩዟን ጠቀለለች።
አመለወርቅ ነው ስሜ፤
ያን ቀን ግን አማልም ተስማማኝ።

አሁን ጾም ነው። ከበቃላ ዱባ ገዝቻለሁ።
እናቴ ብታየኝ ትስቃለች፤ ወጡን ከመሃል ጀምሬዋለሁ፦
መጀመሪያ ዱባው፣ በውሃ ብቻ፣ ያለ ጨው፤
ሲለሰልስ ያንቺን ድርሻ በጭልፋ አወጣለሁ፣
እፍ፣ እፍ እያልኩ አቀዘቅዘዋለሁ፤
አንቺ ጾም የለብሽ፣
የተቀቀለ እንቁላል እፈረፍርበታለሁ።
«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላል የአገሬ ሰው፤
አንቺስ ጮኸሽም አታውቂ፣
ረጅሙን አፍንጫሽን ጉልበቴ ላይ ታኖሪና ዝም።

ከአንድ ድስት በላን፣ ሉሉ፤ አንቺ ቀድመሽ።
በይ፣ ወደ ጥላው ሂጂ።
አሁን የእኔ ወጥ ሊጀመር ነው፣
ሽንኩርቱን ልከትፍ።
ማልቀሱን ለእኔ ተይው።